ያልተሰጠው ትምህርት

መምህርት ጠሂራ ኬሚስትሪ ማስተማር ከጀመረች አሥራ ስድስት ዓመት ሆኗታል፤ ከአሥራ ስድስቱ መስከረም አንዱንም ወዳው አታውቅም። ሌላው ሰው መስከረም ሲጠባ አበባ ይታየዋል። እሷ የሚታያት በአንድ ዴስክ ሦስት ሦስት ሆነው የታጨቁ ሰባ ልጆች፣ ዓመት በመጣ ቁጥር አንድ ዓይነት ጥያቄና አንድ ዓይነት መልስ፣ ከዚያ ደግሞ ከምናለሽ ተራ የሚመጣውን የቆርቆሮ ቅጥቀጣ ለመብለጥ ሲጮህ የሚከርመው የራሷ ጉሮሮ ነው። ኅዳር ላይ ድምፅዋ ይሻክራል፤ ጥር ሲገባ የወንድ ድምፅ ይሆናል። ተማሪዎቹም ፈተና መድረሱን የሚያውቁት በቀን መቁጠሪያ ሳይሆን በእሷ ጉሮሮ ነው ይባላል።

ትምህርት ቤቱ ከተክለ ሃይማኖት ወደ መርካቶ ሲወጡ ይገኛል፤ ስሙ ይቅር፣ የሚያውቀው ያውቀዋል። ጠሂራ ራሷ የዚያው ሰፈር ልጅ ናት። አባቷ ከወሎ መጥተው አንዋር መስጊድ ጀርባ በአንዲት የስፌት መኪና ስድስት ልጅ ያሳደጉ ሰው ነበሩ። የእሷ ምኞት ፋርማሲስት መሆን ነበር። ከመምህራን ኮሌጅ በዲፕሎማ ወጣችና ለጊዜው ብላ ጠመኔ ያዘች፤ ለጊዜው የተያዘው ጠመኔ አንድ ፈሪ አርባ ዓመቷ ድረስ ከእጇ አልወረደም። ትዳሯ ሦስት ዓመት ቆይቶ ያለ ጠብ ፈረሰ። አሁን ከታመሙ እናቷ ጋር ትኖራለች። ጠዋት የቀበሌ ሱቅ ሰልፍ፣ ቀን አራት ክፍል ማስተማር፣ ማታ ደብተር ማረም፣ እሑድ ስብሰባ። ስብሰባ ላይ ዓይኗን ገልጣ መተኛት ከቻለች ዘመን ሆኗታል፤ ይህንን ችሎታ ከየትኛውም ኮሌጅ አላገኘችውም።

የዘጠነኛ ክፍል ኬሚስትሪ የሚጀመረው በሁለት ትምህርት ነው። አንዱ ጥንቃቄ ነው፤ በላብራቶሪ ውስጥ ምን ይነካል፣ ምን አይነካም። ሌላው መለካትና የለኩትን በትክክል መጻፍ ነው፤ ዳታ የሚሉት። እንደ ጠሂራ ቢሆን የዓመቱ ትምህርት በሙሉ ቀርቶ እነዚህ ሁለቱ ብቻ ቢሰጡ ይበቃ ነበር፤ ምክንያቱም የመርካቶ ልጅ ሁለቱንም በተገላቢጦሽ ከቤቱ ተምሮ ነው የሚመጣው። እናቱ ቅቤ የምትገዛው በአፍንጫዋ ነው። አባቱ ቅመም የሚረከበው በምላሱ ነው። አጎቱ ደግሞ ጆንያውን ከመሬት ብድግ ያደርግና ኪሎውን ይነግርሃል፤ የሚያናድደው፣ አይሳሳትም። ስለዚህ ጠሂራ በየዓመቱ የላብራቶሪው በር ላይ ትቆምና ምላሳችሁን፣ አፍንጫችሁንና ግምታችሁን እዚሁ ደጅ ትታችሁ ግቡ ትላቸዋለች። ይስቃሉ። ሳቃቸው ሲያልቅ ደንቡን አንድ በአንድ ታስጽፋቸዋለች፤ አንደኛው፣ ምንም ነገር አይቀመስም ይላል።

የዳታው ትምህርት ይብሳል። አንድ ዓመት አንድ ልጅ ሚዛኑ ሃያ አምስት ግራም ከምናምን ያሳየውን ሃያ ሰባት ብሎ ጻፈ። ከየት አመጣኸው ብትለው፣ ምርቃት ነው ቲቸር አላት፣ ኮራ ብሎ። ልጁ የሚዛን ምላስ እኩል ላይ ሲቆም እጁን የሚሰበስብ ነጋዴ ስስታም ነው ተብሎ ነው ያደገው፤ ጫን አድርጎ መጨመር ጨዋነት ነው። ጠሂራ ያን ቀን እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። ኋላ ላይ ግን ነገሩ አላሳቃትም፤ ከርዕሰ መምህሩ ቢሮ እስከ ቀበሌው ግድግዳ የሚለጠፈው ሪፖርት ሁሉ ምርቃት እንዳለበት ማየት ስትጀምር።

በ1975 ዓ.ም. ክረምት ጠሂራ ልማዷ ያልሆነ ነገር አደረገች፤ ስለ አንዲት ልጅ ለመለመን ሰው ሱቅ ሄደች። ልጅቷ ሰዓደት ትባላለች። የስምንተኛ ክፍል ሚኒስትሪን ከሰፈሩ ልጆች ሁሉ በልጣ ነው ያለፈችው፤ አባቷ ጃፋር ግን ከእንግዲህ ይበቃታል ብሎ ቆርጧል። ጃፋር ከስልጤ ወገን ነው፣ መስጊዱ አጠገብ በርበሬና ቅመም ይነግዳል፣ ጠሂራን ከሕፃንነቷ ጀምሮ ያውቃታል። ክፉ ሰው አይደለም። ግን አራት ሴቶች ልጆች አሉት፤ ከአራቱ እንደ ሰዓደት ያለ ምላስ ያላት የለችም። ልጅቷ የማረቆን በርበሬ ከአላባው በጣቷ ጫፍ ነካ አድርጋ ቀምሳ ትለያለች። ክረምት ገብቶ ጨው ሲያልበው፣ ላቡ የአየሩ ይሁን ወይ ሌላ ነገር ተደባልቆበት እንደሆነ ቀምሳ ትናገራለች። በአሥራ አምስት ዓመቷ ሽማግሌ ነጋዴዎች ናሙና በወረቀት ጠቅልለው ይልኩላት ነበር።

ጠሂራ ከበርበሬው ጆንያ ላይ ተቀምጣ እያስነጠሳት አንድ ሰዓት ሙሉ ለመነችው። ጃፋር በመጨረሻ እጁን ሰጠ፤ ግን ውል አስገባት።

«አንድ ዓመት ልስጥሽ። ብትወድቅ ወይ ቢያባርሯት ወደ ሱቋ ትመለሳለች፣ አንቺም ሁለተኛ ስለሷ እንዳታነሽብኝ።»

«ኃላፊነቱን እኔ እወስዳለሁ ጋሼ ጃፋር» አለች ጠሂራ። ስትናገረው ቀላል ነበር።

ሰዓደት ዘጠነኛ ሲ ገባች። ጠሂራ ለሌሎቹ ሦስት ክፍሎቿ የጥንቃቄውንና የዳታውን ትምህርት ከመስቀል በፊት ጨረሰች፤ የሲ ተራ መስከረም 18 እና 19 ላይ ዋለ። በነዚያ ሁለት ቀናት አንድ የወዳጅ አገር እንግዳ ይመጣ ነበርና ተማሪው ሁሉ ለአቀባበል ወጣ። የመጀመሪያው ቀን ለልምምድ ነው ተባለ፤ ሰው ባንዲራ ለማወዛወዝ ምን ልምምድ እንደሚያስፈልገው የነገራቸው የለም። በሁለተኛው ቀን ከጠዋቱ አንድ ሰዓት እስከ ሰባት ሰዓት መንገድ ዳር ቆሙ። ጠሂራ ከነሱ ጋር እግሯ እስኪያብጥ ቆመች። የእንግዳው መኪና ባለፈ ጊዜ አንዲት ተማሪ ጫማዋን ለማሰር ጎንበስ ብላ ነበር፤ ቀና ስትል አልፎ ሄዷል።

ቅዳሜ ጠዋት ርዕሰ መምህሩ መምህራኑን ሰብስቦ፣ የሁለቱ ቀን ክፍለ ጊዜዎች በመከታተያ ደብተር ላይ እንደተሰጡ ተደርገው ይሞሉ አለ፤ አለበለዚያ የትምህርት ቤቱ ዕቅድ አፈጻጸም ከመቶ ወርዶ ይገኛል። ማንም አልተቃወመም። በ1970 አንድ የፊዚክስ መምህር፣ በሰልፉ የተገኘው ሕዝብ ቁጥር ተጋኗል ብሎ በስብሰባ ላይ እጁን አውጥቶ ነበር፤ በማግስቱ ክፍሉ ያለ መምህር ዋለ፣ እስከ ዛሬም ወንበሩ ላይ ሌላ ሰው ነው ያለው። ጠሂራ ከዚያ ወዲህ እጇን አውጥታ አታውቅም። የዘጠነኛ ሲን ገጽ ገለጠች፣ በሁለቱም ቀን ትይዩ «ተሰጥቷል» ብላ ጻፈች፣ ፈረመች። ሰኞ ቀደም ብዬ አሥር ደቂቃ ወስጄ አካክሰዋለሁ ብላ ራሷን አሳመነች።

የሰኞው ትምህርት ላብራቶሪ ውስጥ ነበር። አምስት ነጭ ነገሮች በአምስት ብርጭቆ ሳህን፣ ከአንድ እስከ አምስት ቁጥር ተጽፎባቸው ጠረጴዛ ላይ ተደርድረዋል። ልጆቹ እያዩ፣ እየመዘኑ፣ ያዩትን መጻፍ ነው የሚጠበቅባቸው። ጨው አለ፣ የጠመኔ ዱቄት አለ፣ የመጋገሪያ ሶዳ አለ፣ ጠሂራ ከራሷ ራሽን ቆንጥራ ያመጣችው ስኳር አለ። አምስተኛው ሳሙና የሚሠሩበት ኮስቲክ ሶዳ ነበር። እሱን የጨመረችው በምክንያት ነው፤ ኮስቲክ ሶዳ ክፍት ከተተወ ከአየሩ እርጥበት ይስባል፣ ሚዛን ላይ እንዳለ ዓይን እያየው ክብደቱ ይጨምራል። ዳታ ለማስተማር ከዚህ የተሻለ ነገር አታውቅም።

ችግሩ ጥሩ ማስተማሪያ መሆኑ ነው። ልጆቹ ገና ሳይቀመጡ ሚዛኑን ከበቡት። አንዱ ክብደቱ ጨመረ ሲል ሌላው ሚዛኑ ተበላሸ አለ፤ ሦስተኛው ደግሞ ይሄስ ራሱን በራሱ ይመርቃል ብሎ ክፍሉን አሳቀ። ጠሂራ ለጥንቃቄ ያሰበችው አሥር ደቂቃ እነሱን ጸጥ በማሰኘት አለቀ። ደክሟት ነበር። እናቷ ሌሊቱን ሲያስሉ አድረዋል፣ የዓርቡ ቁመት ከእግሯ ገና አልወጣም። ብርጭቆ እንዳትሰብሩ፣ ከውጭ ካልመጣ የሚተካ የለንም አለቻቸው፤ ስለ ልጆቹ ራሳቸው ምንም ሳትል ቀረች። ይህን ኋላ ላይ ስታስበው፣ ለብርጭቆ ተጠንቅቄ ለልጅ አልተጠነቀቅሁም ትላለች።

ሰዓደት አምስተኛው ሳህን ፊት ቆማ ነበር። ነጩ ነገር ላብ እንዳወጣ፣ ጠርዙ እንደረጠበ አየች። ላብ ያወጣ ጨው ስታይ ይህ የመጀመሪያዋ አይደለም፤ እንዲህ ያለውን ሽማግሌዎች ጠቅልለው ቤቷ ድረስ ይልኩላት ነበር። ምን እንደተደባለቀበት ለመለየት ስታደርገው የኖረችውን አደረገች። በጣቷ ጫፍ ነካችና ወደ ምላሷ ወሰደችው።

አልጮኸችም። ጠሂራ ዞር ያለችው ብርጭቆ ሲወድቅ ሰምታ ነው። ልጅቷ አፏን በሁለት እጇ ይዛ ጎንበስ ብላለች፣ ከጣቶቿ መሃል ምራቅና ደም ይንጠባጠባል። ቧንቧው እንደ ልማዱ ደረቅ ነበር። ጠሂራ ጥግ ላይ ያስቀመጠችውን ጄሪካን ውሃ አንስታ፣ ልጅቷን አንገቷን ደግፋ ደጋግማ አጉመጠመጠቻት፤ ጄሪካኑ ሲያልቅ ከጎረቤት ሻይ ቤት አስመጣች። ከዚያ ውይይት ታክሲ ላይ አሳፍራ ሐኪም ቤት ወሰደቻት። ተሳፋሪው ፊት ለፊት ተቀምጦ ያያቸዋል። ሰዓደት የመምህሯን ነጭ ጋውን ጫፍ ይዛ እስኪደርሱ አልለቀቀችም።

ሐኪሙ ነፍሷ አያሰጋም፣ አልዋጠችውም አለ። ምላሷ ግን ጫፉ ነጭ ሆኖ ተልጧል፤ ምን ያህሉ እንደሚመለስ ከወራት በኋላ ነው የሚታወቀው። ጃፋር ደረሰ። ልጁን አየ፣ ጠሂራን አየ፣ ወንበር ላይ ተቀመጠ። ጠሂራ ቢሰድባት በወደደች።

ሐሙስ ቀን የዲሲፕሊን ኮሚቴው ተሰበሰበ። የትምህርት ቤቱ ደንብ ግልጽ ነው፤ የተነገረውን የላብራቶሪ ሕግ ጥሶ ጉዳት ያደረሰ ተማሪ ለዓመቱ ይሰናበታል። ከስብሰባው በፊት የባዮሎጂ መምህሯ የሻሽወርቅ፣ አንድ ቢሮ የምትጋራት፣ የኮሚቴው አባል የሆነች የልብ ጓደኛዋ፣ ጠሂራን ጥግ ይዛ መከረቻት። ዝም በይ፣ ደብተሩ ላይ ተሰጥቷል ይላል፣ ፊርማሽ አለበት፣ ማንም አንቺን አይነካሽም አለቻት። ልጅቷስ ብትላት፣ ልጅቷ ሱቅ አላት፣ አንቺ ምን አለሽ አለቻት። ክፋት አልነበረም፣ እውነቷን ነው። ጠሂራ ከዚህ ጠመኔ ሌላ ምንም የላትም። ከጠመኔውም በላይ ደግሞ የምትሳሳለት አንድ ነገር ነበረ፤ ዲግሪዋን የምትጨርስበት የክረምት ኮርስ ዝርዝር ውስጥ ስሟ አራት ዓመት ጠብቆ ዘንድሮ ነው የገባው።

ርዕሰ መምህሩ የተዘጋጀውን ጽሑፍ አነበበ። ተማሪ ሰዓደት ጃፋር መስከረም 18 እና 19 በሚገባ የተሰጣትን የጥንቃቄ ትምህርት ወደ ጎን በመተው፣ ይላል። አንብቦ ሲጨርስ ወረቀቱን ወደ ጠሂራ ገፋውና እስክሪብቶ ሰጣት። ጠሂራ እስክሪብቶውን ተቀበለች። በልቧ ያለው ድፍረት አልነበረም፤ እንዲህ ያለውን ወረቀት ስትፈርም የኖረችበት ድካም አንድ ላይ ተሰብስቦ እጇ ላይ ወደቀ ቢባል ይቀላል። እስክሪብቶውን መልሳ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች።

«ይህን ትምህርት ለዘጠነኛ ሲ አልሰጠሁም» አለች።

«ደብተሩ ተሰጥቷል ይላል ጓድ ጠሂራ። ፊርማሽ ነው።»

«ፊርማዬ ነው። የፈረምኩት ውሸት ነው። ልጅቷ ያልተነገራትን ሕግ አልጣሰችም።»

የሻሽወርቅ ዓይኗን ጠረጴዛው ላይ ተከለች። የተሰበሰበው ሁሉ ልጆቹ በነዚያ ቀናት የት እንደዋሉ ያውቃል፤ ሁሉም ራሱ አብሮ ቆሞ ባንዲራ ሲያወዛውዝ ነው የዋለው። ርዕሰ መምህሩ መነጽሩን አውልቆ ጠረገ፣ አደረገ፣ እንደገና አወለቀ። ፈርቷል። ጠሂራ አዘነችለት፤ ሚስትና አምስት ልጆች ያሉት፣ እንደሷው የደከመ ሰው ነው። በመጨረሻ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ሌላ ወረቀት አወጣና እየተናገረ ጻፈ። መምህርት ጠሂራ በራሷ ቸልተኝነት ትምህርቱን ሳትሰጥ እንደሰጠች አስመስላ መመዝገቧን አምናለች። ተማሪዋ ጥፋት የለባትም፤ ትምህርቷን ትቀጥል።

ስለ እንግዳው አንድ ቃል የለበትም። ስለ ቅዳሜው ትእዛዝም የለም። ጠሂራ አንብባ ግማሹ እውነት እንደሆነ አየች፤ የሷ ግማሽ። ከዚያ በላይ ለመጨቃጨቅ ጉልበቱ አልነበራትም፣ ሰዓደትን የምታወጣውም ይህችው ግማሽ ናት። ፈረመች።

የመጨረሻ ማስጠንቀቂያ ተሰጣት። የላብራቶሪውን ቁልፍ አስረከበች። የክረምቱ ኮርስ ዝርዝር ሲለጠፍ ስሟ ከነበረበት ቦታ የሌላ ሰው ስም ነበረ። አላለቀሰችም፤ ጓደኛዋ የሻሽወርቅ ግን መጸዳጃ ቤት ገብታ አለቀሰችላት። ጠሂራ የምትጠብቀው አንድ ነገር ብቻ ነበር፣ ልጅቷ እንድትመለስ። የትምህርት ቤቱን ደብዳቤ ራሷ ይዛ ጃፋር ሱቅ ሄደች። ጃፋር ደብዳቤውን ተቀበላት፣ አጣጥፎ ኪሱ ከተተ፣ ወደ ደንበኛው ዞረ። አንድ ሳምንት አለፈ፣ ሁለተኛው፣ አምስተኛው። በስም ጥሪ ላይ ሰዓደት ስትል የሚመልስ የለም። ለዘጠነኛ ሲ ያን ትምህርት በጥቅምት መጀመሪያ ሰጠቻቸው፤ ማንም አልሳቀም።

ኅዳር በገባ በመጀመሪያው ሰኞ፣ ሦስት ሰዓት ላይ፣ ጃፋር ልጁን ይዞ መምህራን ክፍል በር ላይ ቆመ። ሰዓደት ከስታለች፣ ደብተሯን ደረቷ ላይ ታቅፋለች። ጠሂራ ከወንበሯ ተነሳች። አምስት ሳምንት ሙሉ ስታዘጋጀው የከረመችውን ይቅርታ ልትጀምር ስትል ጃፋር እጁን አንስቶ አስቆማት።

«ቅዳሜ ሦስት ዓይነት በርበሬ ፊቷ አደረግሁ» አለ፣ ሳይቆጣ፣ ዕቃ እንደሚያስረክብ ሰው። «ማረቆ፣ አላባ፣ አንደኛው ደግሞ የተበላሸ። ሦስቱም አንድ ነው አለችኝ። አፏ ውስጥ ያለው መሬት ይሁን በርበሬ አይታወቃትም።»

«ጋሼ ጃፋር፣ እኔ...»

«ስሚኝ ጠሂራ። ለኔ ሱቅ አትሆንም። ያበላሻት ትምህርት ቤት ነው፣ ትምህርት ቤት ይውሰዳት።»

ይህን ብሎ ልጁን ትከሻዋን ነካ አድርጎ ሄደ። ሲወርድ የእግሩ ኮቴ ደረጃው ላይ እስኪጠፋ ሁለቱም ቆመው ሰሙት። ጠሂራ የለመነችው ሁሉ ሆነላት፤ ልጅቷ እነሆ ትማራለች፣ አንድ ዓመት ብቻም አይደለም፣ ከእንግዲህ የሚወስድባት የለም። እንዲህ ያለ ስጦታ በምን እጅ እንደሚቀበሉት ግን አታውቅም። ደስታው የት እንደሚሆን ፈለገችው፣ አጣችው።

ሰዓደት ወንበር ስባ ተቀመጠች። ደብተሯን ገለጠች፣ ቀን ጻፈች፣ ከሥሩ በማስመሪያ አሰመረች። ንግግሯ አሁን ትንሽ ይከብዳል፣ «ስ» ስትል ምላሷ ይዘገያል። ያመለጠኝን ልጻፍ አለች። ጠሂራ ከመሳቢያዋ የጥንቃቄውን ትምህርት ማስታወሻ አወጣች። አንደኛው መስመር ላይ የተጻፈውን አየችና ሳታነበው ወረቀቱን ዝቅ አደረገችው። ውሃ ጠጣች። ጉሮሮዋን ጠረገች፣ ገና ኅዳር ሳይጋመስ የተዘጋ ጉሮሮ።

ሰዓደት ብዕሯን ይዛ ጠበቀቻት፤ ከዚያ ቀና ብላ አየቻት።

«አንደኛውን አውቄዋለሁ ቲቸር» አለች። «ከሁለተኛው ይጀምሩልኝ።»